ሰባተኛው ጉንዳን

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዋና አብሳይዋ ለምሳ የሚሆን ሥጋ ልታወጣ የኮሌጁን ምግብ ቤት በረዶ ቤት ከፈተች። ከታችኛው መደርደሪያ ሥር አንድ ነገር ተጋድሟል። የወደቀ ጆንያ መስሏት እያጉረመረመች ጎንበስ አለች። ጫማውን ስታይ ጮኸች። ጩኸቷ ከተማሪዎቹ መኝታ ሕንፃ ድረስ ተሰማ።

ሟቹ የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነበር። ግቢው በሙሉ «ጉንዳን» ይለዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በሚሠራቸው ጥቃቅን ሴንሰሮች ነው፤ እያንዳንዷ የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው፤ ሙቀትና እንቅስቃሴ እየለካች ያለ ሽቦ በየደቂቃው ለተቀባይዋ ሳጥን ታቀብላለች። እሱም ሆነ ጓደኞቹ ሴንሰር ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። «ጉንዳኖቼ» ነው የሚላቸው።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አርባዎቹን የተሻገረች፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ የሰው ዝምታ የማያስጨንቃት ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ተመለከተች። አስከሬኑ በአንድ ጥቁር ኮት ተሸፍኗል።

«ማን ነካው?» አለች፣ ገና ሰላም ሳትል።

«እኔ ነኝ፤ ኮቱም የኔ ነው» አሉ ከኋላዋ አንድ ሽበታም ሰው። በሸሚዝ ብቻ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ናቸው። «እሑድ ቁርሴን ከተማሪዎቹ ጋር ነው የምበላው። ጩኸቱን ስሰማ ሮጬ ገባሁ። ልጁን እንዲያ ተጋልጦ ማየት አልቻልኩም፤ አለበስኩት። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ።»

«ሌላስ የገባ ሰው አለ?»

«የለም። አብሳይዋ ከደጃፉ አላለፈችም። ዘበኛውን በሩ ላይ አቁሜ እናንተን ጠራሁ።»

ኢንስፔክተሯ ጓንቷን አጥልቃ ገባች። ከራስ ቅሉ በስተኋላ ቁስል አለ፤ ደሙ ጥቂት ነው። የእጁ አንጓዎች አልተላላጡም፤ በሩን አልደበደበም። የበሩን የውስጥ እጀታ ነካችው፤ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ መቼ ተሰበረ?»

«ከሰባት ወር በፊት» አለች አብሳይዋ ከውጭ ሆና፣ እያለቀሰች። «ስንቴ ነገርኳቸው! ሰው ይዘጋበታል፣ ሰው ይሞትበታል እያልኩ!»

ሳጅኑ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። አንድ የምግብ ካርድና አንድ የአውቶቡስ ቲኬት ተጣብቀው ወጡ፤ በመካከላቸው ስስ በረዶ አለ። ከዚያው ኪስ ስልኩ ተከተለ። ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል፤ ሳጅኑ ሲነካው ግን ወዲያው በራ።

«ያለ ምንም መቆለፊያ ተከፈተ» አለ ሳጅኑ። «ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ከአሥር የላከው መልእክት አለ። የተላከው ለክፍል ጓደኛው ነው። እንዲህ ይላል፦ ‹በረዶ ቤት ገብቼ ሴንሰሮቹን ላወጣ ነው። አትጠብቀኝ።› ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጁ ሾልኮ ገባ፤ በሩ ተዘጋበት፤ እጀታው ሰባራ ነው፤ በጨለማ አዳለጠውና ጭንቅላቱን መታ። ምስኪን!»

እሷ ስልኩን ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው። አገላበጠችው። ከዚያ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች። ሲሚንቶው ላይ ስስ በረዶ እንደ መስታወት ተጋግሯል። የሥጋ ካርቶኖቹን ሥር በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፤ አንድ ጊዜ ርሰው የተንሻፈፉ ካርቶኖች ናቸው፤ አሁን ግን እንደ እንጨት ደርቀዋል። በመጨረሻ ባትሪ አብርታ መደርደሪያዎቹን ከሥር ቆጠረች። ስድስት ቦታ ላይ የሙጫ ጠባሳ አለ። ጉንዳኖቹ ግን አንዳቸውም የሉም።

«ቦርሳውስ?» አለች።

ቦርሳው በሩ አጠገብ ተገኘ። በውስጡ ደብተርና ግማሽ ዳቦ አለ። ተቀባይዋ ሳጥን አልነበረችም።

*

አብሳይዋን ባዶው የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ አነጋገረቻት።

«እትዬ፣ ልጁን ያውቁት ነበር?»

«እንዴት አላውቀው! ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነበር የሚመጣው። የተረፈ ካለ እንድጨምርለት። አያፍርም፤ ‹እትዬ፣ ሆዴ ዛሬ ሁለት ሰው ነው› ይለኛል።» ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። «ልጄ፣ ልናዘዝልሽ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እነዚያን ጉንዳኖቹን መደርደሪያው ሥር ለጠፈና በአሥር ደቂቃ መለሰልኝ። ያቺ ልጅ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።»

ስለ የትኛዋ ልጅ እንደምትናገር ግቢው በሙሉ ያውቃል። ከሁለት ወር በፊት አርባ ተማሪዎች ከምሳ በኋላ በጠና ታመሙ። ሠላሳ ዘጠኙ ተረፉ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመኝታ ክፍሏ ሁለት ቀን በትኩሳት ስትነድ ማንም ሳያውቅላት፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ከዲኑ ጽሕፈት ቤት የወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በቧንቧው ውኃ ላይ አሳበበ።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ከተቋራጩ ጋር በጭነት መኪናው አትክልት ተራ ነበርን፤ ሾፌሩም ከኛ ጋር ነበር። ማታ ቤቴ ነኝ። ብቻዬን።» ቀና አለች። «ብቻዬን ስለሆንኩ እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?»

«ሥራዬ ሁሉንም መጠርጠር ነው፣ እትዬ። አይዘኑብኝ።»

ምግብ ቤቱን በኮንትራት የያዘው ተቋራጭ በጥርሱ የክብሪት እንጨት እየነከሰ ገባ።

«ባለፈው ሳምንት ልጁን በሰው ፊት ‹እጅህን እሰብርልሃለሁ› ብለኸዋል» አለችው።

«ብዬዋለሁ!» አለ፣ ደሙ እንደፈላ። «ሥጋህ ሌሊት ሌሊት ይቀልጣል ብሎ ስሜን ሲያጠፋስ? ሥጋውን የምገዛው እኔ! ሲበላሽ የምጥለው እኔ! ምን ልጠቀም ብዬ ነው የራሴን ሥጋ የማቀልጠው? እብድ ነኝ?»

«የመብራቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል?»

ተቋራጩ የክብሪቱን እንጨት ከአፉ አወጣ። «መብራት? እሱን ኮሌጁ ነው። ውሌ ላይ አለ። ከተማሪዎች አገልግሎት በጀት ይቀነሳል። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው። ትናንት ማታስ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ምስክርም የለኝም፤ ላጤ ነኝ። እሰሪኝ!»

የክፍል ጓደኛው የሕክምና ተማሪ ነው፤ ጉንዳን «ዶክተር» ነበር የሚለው። ዓይኑ ቀልቷል። የሁለቱ ክፍል ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የወሩ ወጪ ተለጥፏል፦ ፎቶ ኮፒ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔት፣ ሳሙና። ከሳሙናው ጎን አንዱ «በጋራ» ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ደግሞ «አንተ ብዙ ትታጠባለህ» ብሎ መልሶለታል።

«ሁሉም ነገር በየወሩ ይጨምራል» አለ ልጁ፣ እንደምታነበው አይቶ። «ያልጨመረው የምግብ ቤቱ ሰሃን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም አልጨመረም። አባዬ ባይኖሩ ግማሻችን ትምህርቱን ጥለን ሄደን ነበር።»

«አባዬ ማን ናቸው?»

«ዲኑ። ተማሪው እንዲያ ነው የሚላቸው። ‹እኔ እዚህ እያለሁ የሰሃኑ ዋጋ አይነካም› ብለው ምለው ነበር፤ ቃላቸውን ጠበቁ።»

«ስልኩ ለምን አይቆለፍም ነበር?»

«ስክሪኑ ስለተሰበረ ጣት አይለይለትም። ማሠሪያው የወር ምግብ ነው።»

«መልእክቱን ስታየው ምን አልክ?»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። ደክሞኝ መጥቼ ተኛሁ፤ መልእክቱን ያየሁት ጠዋት ነው። ግን ኢንስፔክተር፣ እሱ ‹ዶክተር› ሳይል ጽፎልኝ አያውቅም። ‹ሴንሰር› ደግሞ ለመምህራን ሪፖርት ሲጽፍ ብቻ ነው የሚለው። ጉንዳን እንዴት ጉንዳኖቹን ሴንሰር ይላል?»

«ያገኘውን ለማን ሊናገር ነበር?»

«ተቋራጩ ነው ማታ ማታ መብራት የሚያጠፋው ብሎ አምኖ ነበር። ‹ወደ ጋዜጣ ከመሄዴ በፊት ለአንድ የማምነው ትልቅ ሰው ላሳየው› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።» ከፍራሹ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «የለካውን በወረቀት ሰጥቶኛል።»

ወረቀቱ ላይ በየሌሊቱ አንድ ዓይነት መስመር ይታያል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በረዶ ቤቱ መሞቅ ይጀምራል፤ በሦስት ሰዓት ዜሮ ይደርሳል፤ ሊነጋ ሲል ከዜሮ በላይ ስምንት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ መልሶ ይቀዘቅዛል። አንድም ቀን አላዛነፈም። ሰው በእጁ ቢያጠፋው እንዲህ ደቂቃ አይጠብቅም።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ልትነሳ ስትል ልጁ ጠራት። «አንድ ነገር ረሳሁ። ስድስቱ መደርደሪያው ሥር ናቸው። ሰባተኛዋ ግን ከሱ ጋር ናት።»

«ከሱ ጋር እንዴት?»

«በብብቱ ሥር፣ በፕላስተር። ዓርብ የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። የሰውን ትኩሳት የምታውቅ ጉንዳን እየሠራ ነበር። ያቺ ልጅ ሁለት ቀን ስትነድ ማንም አለማወቁ ነው የቆጨው። ‹ሁሉም ተማሪ አንዳንድ ቢኖረው ማንም ብቻውን አይሞትም› ይል ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ተመልሳ ተቀመጠች። «ተቀባይዋ ሳጥን ጠፍታለች። ያለ እሷ ምን ትጠቅመናለች?»

«ሳጥኑን ካጣች የለካችውን በሆዷ ታስቀምጣለች። እስክትጠየቅ ድረስ።»

*

ዲኑ በጽሕፈት ቤታቸው ተቀበሏት። ግድግዳው በተመራቂ ተማሪዎች ፎቶ ተሞልቷል። የሟቹ ታላቅ እህት መንገድ ላይ እንዳለች፣ የማረፊያዋንም ወጪ ከኪሳቸው እንደቻሉ ነገሯት።

«ጥሩ ልጅ ነበር» አሉ። «አንድ ሴሚስተር የምግብ ካርዱን የሞላሁለት እኔ ነኝ። እባክሽ ይህን አትጻፊው፤ ለወሬ ያደረግኩት እንዳይመስል።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ከተማው መሐል ሆቴል፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር እራት ላይ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት። ንግግር አድርጌያለሁ። መቶ ሰው መስክር ብትዪው ይመሰክራል።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሰዓት በኋላ? ልጁ የገባው ማታ አይደለም እንዴ?»

«ሁሉንም ነው የምጠይቀው።»

«እንግዲያው እዚሁ ነበርኩ። ንግግሬን ስጽፍ። ብቻዬን።»

ከቢሮው ስትወጣ ሳጅኑ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ክፍል በዘበኛው አስከፍቶ ይጠብቃት ነበር። ቁልፉ የሚቀመጠው በተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው። ከማብሪያዎቹ መካከል አንዱ ላይ ሰዓት ያለው ትንሽ ሳጥን ተገጥሟል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሲሞላ የሚያጠፋ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሲሞላ የሚያበራ። «ይኼን ማን አስገጠመው?» ብትለው ዘበኛው ትከሻውን ነቀነቀ። «ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አምና ነው የገጠመው። ወረቀቱ ይኖራል።»

ወረቀቱ ነበር። ፊርማም ነበረው።

*

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም መመገቢያው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንዱን ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፦ አብሳይዋ፣ ተቋራጩ፣ ዶክተር፣ ዲኑ። ከጠረጴዛው ራስ የምህንድስና ላቦራቶሪ ባለሙያዋ አንድ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣለች። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል። የሟቹ እህት ከውጭ ደረጃው ላይ ነበረች፤ ኢንስፔክተሯ እንዳትገባ ለምናታለች።

«አደጋ አልነበረም» ብላ ጀመረች። ተቋራጩ ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው። «መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ስልኩን ስይዝ ነው። ከአንድ ኪስ ሦስት ነገር ወጣ። ካርዱና ቲኬቱ ረጥበው፣ እንደገና በበረዶ ተጣብቀዋል። ስልኩ ደረቅ ነው። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነው። ገና ጨርሶ አልቀዘቀዘም። በዚያ ኪስ ውስጥ ያደረ ስልክ አይደለም፤ ጠዋት ነው የተመለሰው።»

«ማን መለሰው?» አለ ዶክተር።

«ቆይ። መልእክቱን ጉንዳን እንዳልጻፈው አንተ ነህ የነገርከኝ። ጸሐፊው ‹ሴንሰር› የሚለውን ቃል ከልጁ ሪፖርት ወይም ከልጁ ጋር በቁም ነገር ሲነጋገር የለመደ ሰው ነው። ግን ለምን ጻፈው? ልጁ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት እንደነበረ እንድናምን። ስለዚህ ራሴን ጠየቅሁ፤ ማታ ሦስት ሰዓት ማንን ይጠቅማል?»

«እኔን አይጠቅመኝም!» አለ ተቋራጩ። «ብቻዬን ነበርኩ ብያለሁ!»

«አንተም ብቻህን፣ እትዬም ብቻቸውን፣ ዶክተርም ብቻውን። ሌሊቱ ለሦስታችሁም መጥፎ ነበር።» የአራተኛውን ሰው ስም አልጠራችም። «በዚያ ላይ ሌሊቱ ውሸት እንደሆነ በረዶ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ወለሉ ላይ የቀለጠ ውኃ እንደገና ረግቷል፤ ካርቶኖቹ ርሰው ደርቀዋል። በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መብራቱ ይጠፋል። በሮቹ ያረጁ ስለሆኑ በሦስት ሰዓት ዜሮ ይደርሳል። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ግን የልጁ ጣቶች ደም እየዞረባቸው ሳለ በብርቱ ውርጭ እንደተመቱ ጽፏል። እንዲህ ያለ ውርጭ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው በቀን ብቻ ነው።»

 አብሳይዋ እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ንገሪያቸው» አለች ኢንስፔክተሯ ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ።

ባለሙያዋ ላፕቶፑን አዞረች። «ይህች ሴንሰር ከልጁ ብብት ሥር የተገኘች ናት። ተቀባዩን ስላጣች የለካችውን ይዛ ቆይታለች። ቅዳሜ እስከ አሥር ሰዓት ከአርባ ስምንት ሠላሳ ስድስት ተኩል ናት። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ መውረድ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ አልወጣችም።»

«አሥር ከሃምሳ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዶክተር ሆስፒታል ተረኛ ነበር፤ ነርሶቹን ጠይቄያለሁ። እትዬና ተቋራጩ ከሾፌሩ ጋር ሽንኩርት ይጭኑ ነበር። ሌሊቱ የከሰሳቸውን ሦስቱንም ቀኑ ነጻ ያወጣቸዋል። ሌሊቱ መቶ ምስክር ያቆመለት ሰው ደግሞ በቀኑ ብቻውን ነው።»

ማንም የዲኑን ስም አልጠራም። ግን ማንም ሌላ ቦታ ማየት አልቻለም።

«ልጄ» አሉ ዲኑ በቀስታ። «ይኼ ከባድ ነገር ነው። አንዲት ነጥብ ይዘሽ...»

«አንዲት አይደለችም። አስከሬኑን ፖሊስ ከመድረሱ በፊት የነካው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኮት ሲያለብስ ስልክ ኪስ ውስጥ መክተት ቀላል ነው። መልእክቱ የተላለፈበትን አንቴና የስልክ ድርጅቱ ትናንት ነግሮናል፤ የኮሌጁ አይደለም። ከተማው መሐል፣ የሆቴሉ ጣሪያ ላይ ያለው ነው። የማጥፊያው ሰዓት የተገጠመበት ትእዛዝ ላይ ያለው ፊርማም የእርስዎ ነው።»

ተቋራጩ ብድግ አለ። «አባዬ? ሥጋዬን ሲያቀልጡ የነበሩት እርስዎ ኖት?»

 የዲኑ ፊት ዐመድ መስሏል። ዶክተር ግን ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። «ለምን? አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ለምን?»

«የሰሃኑ ዋጋ» አሉ ዲኑ። ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። «መብራት ሁለት እጥፍ ሆነ። በጀቴ ያው ነው። ወይ ዋጋውን እጨምራለሁ፣ ወይ አንድ ነገር አጠፋለሁ። ስንት ልጅ ትምህርቱን ጥሎ እንደሚሄድ ታውቃለህ? እኔ ዝርዝሩ ነበረኝ፤ በየስማችሁ። ሌሊት ማን ሥጋ ይበላል ብዬ... ይቀዘቅዛል፣ ምንም አይሆንም ብዬ...»

«ያቺ ልጅ ከሞተች በኋላስ?» አለች አብሳይዋ።

«አቆምኩት። አንድ ወር ሙሉ። ከዚያ የወሩ ሂሳብ መጣ።»

ይህን ሲሉ አብሳይዋ ፊቷን አዞረች። ለሰላሳ ዓመት ስታበስል ብዙ ነገር ታግሣለች፤ ይህን ግን መስማት አልቻለችም።

«ቅዳሜ ሊያሳየኝ መጣ፤ ምግብ ቤቱን በጽሕፈት ቤቴ ቁልፍ ከፍቼ ገባን» ሲሉ ቀጠሉ ዲኑ። «ተቋራጩ ነው ብሎ አምኗል። ማጥፊያውን አንድ ቀን እንደሚያገኘው ገባኝ። ለጋዜጣ አትንገር፣ እኔ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩት። ዓይኔን አየና ገባው። ‹አባዬ፣ እርስዎ ኖት?› አለኝ። እጄን አንስቼ ገፋሁት። የወጥ ቤቱ ሚዛን ብረት ላይ ወደቀ። አልተነሳም። ሞተ። ሞቶ ነበር፤ ምንም ላደርግለት አልችልም ነበር።»

 ኢንስፔክተሯ ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች። ባለሙያዋ ማንበብ አልፈለገችም፤ ግን አነበበች።

«እንቅስቃሴም ትለካለች። አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ላይ ክንዱ ተንቀሳቅሷል። አሥራ አንድ ከሃያ አምስት ላይ እንደገና። የመጨረሻው አሥራ አንድ ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው።»

«አልሞተም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሐኪሙ ቁስሉ አይገድልም ብሏል። ጎትተው ሲያስገቡት በሕይወት ነበር። ስድስቱን ሲለቅሙና ሳጥኑን ሲወስዱ በሕይወት ነበር። ክራባትዎን ሲያስሩም በሕይወት ነበር። የገፉት በንዴት ነው፤ ይህን ፍርድ ቤቱ ይመዝነዋል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ነበረዎት። በሩን መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር።»

ዲኑ ከወንበራቸው ወደ ፊት ተደፉ። ሳጅኑ መጥቶ ክንዳቸውን ሲይዝ አልታገሉም። «ሳጥኑ መኪናዬ ውስጥ ነው» አሉ ብቻ። ዶክተር ሲያልፉ አላያቸውም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ተቋራጩ ሳይቀር እጁን ትከሻው ላይ ጭኖለት፣ ድምፅ አውጥቶ ያለቅስ ነበር።

*

እህቱ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ናት። ከኢንስፔክተሯ ጋር እኩያ ሳትሆን አትቀርም። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ነች። ዲኑን በካቴና ሲያወጧቸው አየች፤ እሑድ ማታ አቅፈዋት አብረዋት አልቅሰው ነበር። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻት። እህትዬው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አለች በመጨረሻ።

ኢንስፔክተሯ «አዎ» ልትል ፈልጋ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከወር በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ዓቃቤ ሕግ ጮክ ብሎ ሲያነበው ከምትሰማው አሁን ከሷ ብትሰማው ይሻላል ብላ አሰበች።

«ወዲያው አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ራሱን ስቶ ነበር፤ ሐኪሙ ብዙ አልተሰማውም ብሏል። ይህን ከሰው ወሬ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«ከስንት እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከአሥር ከሃምሳ እስከ አሥራ አንድ ከሃምሳ ሁለት።»

እህትዬው ጣቶቿን አጠላለፈች። «አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ደውዬለት ነበር። ለፈተና ሸሚዝ እየሰፋሁለት ነበርና የክንዱን ልክ ልጠይቀው። ሁለቴ ጠራ። ከዚያ ዘጋው።» እንባዋ አልወረደም። «ተናደድኩ። ትልቅ ሰው ሆነና ናቀኝ አልኩ። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ፣ ወንድሜ የሞተው እኔን ጠልቶ ነው እያልኩ ነው።»

ኢንስፔክተሯ የስልኩን ዝርዝር አይታዋለች፤ ያን የተዘጋ ጥሪ አይታዋለች። ለመዝገቡ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ነበር፤ ከዚያ በላይ መሆኑን እስከዚያ ድረስ አላወቀችም ነበር።

«ስሚኝ» አለች፣ የእህትዬውን እጅ ይዛ። «ስልኩ በዚያ ሰዓት የዲኑ ኪስ ውስጥ ነበር። ወንድምሽ አልዘጋብሽም።»

ያን ጊዜ ነው እህትዬው ያለቀሰችው።